ዝም ያለው ቁስል

ፕሮፌሰር ኮልም ሄፈርናን እሑድ ጠዋት በቢሯቸው ምንጣፍ ላይ ሞተው ተገኙ። ከግራ ጆሯቸው ከፍ ብሎ አንድ ስንጥቅ ነበረ፤ በጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደግሞ የደረቀ ደምና ሦስት ነጫጭ ፀጉር። ያገኛቸው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። መጀመሪያ የተኙ መስሎት በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ሊዘጋው ነበር።

ኢንስፔክተር ግሌኒስ ታክዌል ቤተ ሙከራው ስትደርስ የሆባርት ክረምት ዝናቡን በጎን እየነፋ መስኮቱን ይደበድብ ነበር። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ ጡረታዋ አምስት ወር ቀርቶታል፣ ቅዳሜ ጽጌረዳዋን ስትገርዝ የወጋት እሾህ ደግሞ አውራ ጣቷን እየጠዘጠዘው ነበር። አንድ ልማድ አላት፤ ክፍል ከመግባቷ በፊት በር ላይ ቆማ ታሸታለች። ያን ዕለት የሸተታት የቀዘቀዘ ሻይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ሻይ እስከ አፋቸው ሞልተው ተቀምጠዋል። ማንም አልቀመሳቸውም።

ነገሩ ከምሳ በፊት ያለቀ መሰለ። አስከሬን መርማሪው ዶክተር ናቫራትናም፣ ከተማው በሙሉ ናቫ የሚለው፣ ከሬሳው ሙቀትና ድርቀት ተነሥቶ ሞቱ ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው አለ። ከዚያ ከቁስሉ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና ግሌኒስን ጠራት።

«ሰው ሲቆስል የተጎዳው ሥጋ ጠረን ይለቃል» አላት። «አንቺና እኔ የምናሸተው ዓይነት አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳት ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ከደም ሥር ይወጡና ጠረኑ እየበረታ ወደሚሄድበት እየዳሁ ይሄዳሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሁለቱን ታያቸዋለሽ። በአራት ሰዓት ግን ቦታውን ይወሩታል። እዚህ አንድም የለም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ተመታ፣ ሞተ። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ።»

ዕቃውን እየሰበሰበ፣ አንጎላቸው ለሃያ ደቂቃ ያህል ከሚጠበቀው በላይ አብጦ እንዳገኘው ጨመረላት። በዕድሜያቸው ነው ብሎ እንዳለፈውም ነገራት። ግሌኒስ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ነገር ቶሎ ሲያልቅላት ደስ የማይላት ሴት ናት፤ ባሏም የተለያት በዚሁ ጠባይዋ ነው ይባላል።

የሕንፃው በር በካርድ የሚከፈት ነው፤ የገባውንም የወጣውንም ይመዘግባል። ቅዳሜ ከፕሮፌሰሩ ሌላ የገቡት ሦስት ናቸው። ምክትላቸው ዶክተር ፒርስ ኦርመንድ ስድስት ሰዓት ላይ፤ መድኃኒታቸውን በሆስፒታል የምትሞክረው ሐኪም ዶክተር ሮዊና ካስል ስምንት ሰዓት ላይ፤ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ሴላ ታውፋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕንፃው ውስጥ የነበረችው ሴላ ብቻ ናት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ፕሮፌሰሩ ሲጮሁባት ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቷል። የግሌኒስ አለቃ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ክሱ ይመሠረታል አለና ስልኩን ዘጋ።

ሴላ ታውፋ ከቶንጋ በሕፃንነቷ የመጣች፣ ሰፊ ትከሻና ለስላሳ ድምፅ ያላት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿን የምታይላት አሮጊት እናቷ ናት፤ አሮጊቷን የምታየው ደግሞ ሴላ። ጣቢያው ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

ጠቡ ስለ ሳህን እንደነበረ ተናገረች። ነጭ ሕዋሳት ከሰው ከወጡ ቀን አይሻገሩም፤ ስለዚህ የቤተ ሙከራው ሰዎች ተራ ገብተው ጠዋት ጠዋት የራሳቸውን ደም ይሰጣሉ። የተረኞቹ ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። መድኃኒት የወሰደ ሰው፣ ለራስ ምታትም ቢሆን፣ ስሙን በቀይ ይሰርዛል። ሐሙስ የፕሮፌሰሩ ተራ ነው። ሴላ ሕዋሳቱን በሳህኑ አንድ ጫፍ ታስቀምጥና በሌላው ጫፍ ያን የቁስል ጠረን ታደርጋለች፤ ከዚያ ስንቱ ድሆ እንደደረሰ ትቆጥራለች።

«ሦስት ሐሙስ ሙሉ አንድም አልተንቀሳቀሰም» አለች። «ጠረኑ ተበላሽቶብኛል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚህ በፊትም አበላሽተሻል ተብዬ ተወቅሻለሁ። ሳህኑን ጣልኩትና ከራሴ ደም ቀድቼ ሠራሁት። የእኔ ሄደ። በእሳቸው ስም ጻፍኩት።»

«ሐሙስ ዕለት ነቁብሽ?»

«የጣልኩትን ሳህን ቅርጫት ውስጥ አዩት። እጄን ያዙኝና ‹የማን ነው? የእኔ ብቻ ነው? ሦስቱም ጊዜ?› አሉኝ። አዎ ስላቸው ጮኹ። ‹ሦስት ሳምንት አታለልሽኝ› አሉኝ። ከዚያ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ምኑም አልገባኝም፤ ደም ደም ነው እኮ።»

«መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«እሳቸው? ጥርሳቸውን ሲነቀሉ እንኳ ማደንዘዣ አልፈልግም ያሉ ሰው ናቸው። ስማቸው ተሰርዞ አያውቅም።»

ሻይ አፍልተውልሽ ያውቃሉ ወይ ስትላት ሴላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለዶክተሮቹ እንጂ ለእሷ አፍልተው አያውቁም። ቅዳሜ በጠርሙስ የሚያድጉትን ሌሎቹን ሕዋሳት ልትቀልብ መጥታ፣ የእሑዱን የመዘምራን ልምምድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እየዘፈነች ሠራች። የፕሮፌሰሩ በር ተዘግቶ ነበር። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሲፋቅ ሰማች፤ ማቀዝቀዣው ነው ብላ ድምፁን ጨመረችው።

ፒርስ ኦርመንድ ቤቱ በረንዳ ላይ ትኩስ የሥጋ ፓይ እየበላ ተቀበላት። ስድስት ሰዓት ላይ ሄዶ በአንድ ጽሑፍ ላይ ስሙ ለምን ወደ ኋላ እንደተገፋ ተከራክሮ፣ ተሸንፎ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳ ገብቷል፤ ያየው ሰው ብዛት ለምስክርነት ይበዛል። ሰውዬውን አይወዳቸውም ነበር፤ አልደበቀውም።

«ቢሮውን እፈልገው ነበር» አለ ፍርፋሪውን እያራገፈ። «ምንጣፉን ግን አልፈልገውም።»

ስለ መድኃኒቱም የነገራት እሱ ነው። ከሕፃናት መካከል ነጭ ሕዋሶቻቸው ያለ ምክንያት ሳንባቸው ውስጥ እየገቡ የሚበሉባቸው አሉ። የሄፈርናን ክኒን የሕዋሳቱን አፍንጫ ይደፍናል፤ ጠረን ስለማይሸታቸው ወደ ሳንባው አይሄዱም። ዐሥራ አራት ልጆች ይወስዱታል። አንዷ የሮዊና የራሷ ልጅ ናት። ደንቡ አይፈቅድም ነበር፤ ሄፈርናን ግን አንጀታቸው አልችል ብሎ ፈቀዱላት። በየሳምንቱ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከላውንሰስተን ከተማ ስለምትደውለው እህታቸውም ጠቀሰ። ጠዋት ለእሱ እንደነገረችው፣ የዚያን ቀን ስልኩን አላነሱላትም፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል ብላ ተወችው።

ሮዊና ካስልን ያገኘቻት ሆስፒታል፣ ከልጇ አልጋ አጠገብ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ብሪዲ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ቀይ፣ አንደበቷ የማያርፍ።

ሮዊና ምንም የምትሸሽግ አልመሰለችም። ስምንት ሰዓት ላይ የሕሙማኑን መዝገብ ይዛ ሄደች፤ ኮልም ደህና ነበር፤ ሻይ ጠጥተው ተጫወቱ፤ ስምንት ተኩል ላይ ወጣች። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከዚህ አልጋ አልተነቃነቀችም፤ ነርሶቹም መሰከሩላት።

«ሲሄዱ ደስተኛ ነበሩ?» አለቻት ግሌኒስ።

«እንደ ወትሮው ነበር። ይቀልድ ነበር።»

«አንቺ ፖሊስ ነሽ?» አለች ብሪዲ ከትራሷ ቀና ብላ። «ሽጉጥ አለሽ?»

«ቢሮ ረስቼው መጣሁ» አለቻት ግሌኒስ።

«እንግዲያው እኔ ቁስል ላሳይሽ።» ብርድ ልብሱን ገልጣ ተረከዟን አወጣች። ከዐሥር ቀን በፊት ባሕር ዳር የዛጎል ስባሪ ረግጣ ነበር። ስንጥቁ ጥልቅ ነው፤ ጠርዙ ግን ዛሬ የተቆረጠ ይመስላል። አልቀላም፣ አላበጠም፣ አልመገለም፣ ቅርፊትም አልያዘም። «ነክተሽ እይው። ምንም አያመኝም።»

«ንጹሕ ቁስል ነው» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት እየተሰማ። «ባለፈው ክረምት ይህቺ ልጅ በቱቦ ነበር የምትተነፍሰው። ቀባሪ ሊጠራ ነበር። አሁን ባሕር ዳር ትሮጣለች።»

ግሌኒስ አውራ ጣቷን አየች። የትናንት እሾህ ነው፤ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ ልብ እየመታ ነው። መልሳ የልጅቷን ተረከዝ አየች። ደስ አላላትም። ገብቷታል፤ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር ስትል ራሷን ሰማች። ኮሪደር ላይ ወጥታ ለናቫ ደወለችና የሄፈርናንን ደም ለአንድ ነገር እንዲመረምርላት ለመነችው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በቤተ ሙከራው የስብሰባ ክፍል፣ ከደም ሰጪዎች ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሴላ በአንዲት ፖሊስ ታጅባ መጣች። ፒርስ ጥግ ያዘ፤ ሮዊና ሰዓቷን ታያለች፤ ናቫ ግን ማንንም አያይም።

«እሑድ ጠዋት ቁስሉ አንድ ነገር የነገረን መስሎን ነበር» ስትል ግሌኒስ ጀመረች። «ነጭ ሕዋስ የለበትም፤ ስለዚህ ሰውዬው ወዲያው ሞቷል አልን። ያ ትክክል የሚሆነው ሕዋሶቹ ማሽተት ሲችሉ ነው። ሴላ፣ የፕሮፌሰሩ ሕዋሳት ሦስት ሐሙስ አልንቀሳቀስ አሉሽ። ጠረኑ ተበላሽቶ ቢሆን ያንቺም አይሄዱም ነበር። ያንቺ ሄዱ። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ የእሳቸው ሕዋሳት አፍንጫ ተደፍኖ ነው።»

ፒርስ ቀና አለ። «ክኒኑን ራሱ ይወስድ ነበር ማለት ነው?»

«ናቫ ዛሬ ጠዋት ደማቸው ውስጥ አግኝቶታል። ልጆቹ ላይ የሚሠራውን በራሳቸው ላይ ለማየት ፈልገው ነው። ስማቸውን አልሰረዙም፤ ደማቸው በሳህን ላይ እንዲፈተን ይፈልጉ ነበራ። ውጤቱን እያነበቡ ሦስት ሳምንት ተረጋጉ፤ ሕዋሶቼ ይሄዳሉ፣ ልጆቹም መከላከያ አላቸው ብለው አመኑ። ያነበቡት ግን የሴላን ደም ነበር። ሐሙስ ዕለት የጮኹት ይህን ስላወቁ ነው።»

ሴላ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ስለዚህ ቁስሉ ስለ ጊዜ የሚነግረን ነገር የለም» አለች ግሌኒስ። «የሚናገሩ ሌሎች ነገሮች አሉ። ናቫ?»

«አንጎሉ ያበጠው ለሰዓታት ነው» አለ ናቫ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። «ሦስት ሰዓት፣ ምናልባት አራት። አይቼው ነበር። በማይክሮስኮፑ ተማምኜ አለፍኩት።»

«አሥር ሰዓት ላይ እህታቸው ስትደውል አላነሱም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ወድቀዋል። ሴላ የገባችው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ እሷ አይደለችም። ፒርስ ከሰባት ሰዓት በፊት ወጥቷል። እሱ መትቷቸው ቢሆን ስምንት ሰዓት ላይ የገባው ሰው ወድቀው ያገኛቸው ነበር። ያ ሰው ግን ደህና ነበሩ፣ ይቀልዱ ነበር ብሎኛል።» ወደ ሮዊና ዞረች። «ትናንት ይህን መናገር የሚጎዳሽ አልመሰለሽም፤ ሁላችንም አሥራ ሁለት ሰዓት እያልን ነበርና። ፒርስን ያዳንሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ራሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል» አለች ሮዊና ቀስ ብላ።

«ሻይ ጠጥተን ተጫወትን ብለሽኛል። ኩባያዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተው ነው ያገኘኋቸው፤ ሁለቱም። ተቀድተው ሳይቀመሱ ነው የሆነው የሆነው። አንቺ ክፍሉ ውስጥ እያለሽ።»

ሮዊና ሰዓቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«መድኃኒቱን ሰኞ አቆመዋለሁ አለኝ» አለች። «ሦስት ልጆች ሞተውብናል አለኝ፤ ሌላውን ልጅ አልጋ ላይ እንኳ በማያስተኛ ጉንፋን፣ በጭረት። እኔ ድንገተኛ ነው ስል ነበር። ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ ቆይ አልኩት። ለመንኩት። ሻዩን እየቀዳ እምቢ አለኝ። ገፋሁት።»

«ከወደቁ በኋላ ይተነፍሱ ነበር?»

«እኔ ሐኪም ነኝ» አለች ሮዊና። «ይተነፍስ ነበር። ስልኩን አነሣሁት፤ ቁጥሩንም ጀምሬው ነበር። ከዳነ ሰኞ መድኃኒቱን ያቆመዋል አልኩ በሆዴ። መልሼ አስቀመጥኩትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

ከዚያ ሴላ፣ እንደ ተማሪ እጇን በትንሹ አንሥታ፣ ጠየቀች።

«እኔ ስገባ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው?»

ግሌኒስ መዋሸት አማራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አምሯት አያውቅም።

«ነበሩ» አለቻት።

«ያ የተፋቀው ነገር፣ ማቀዝቀዣው አልነበረም።»

«አይመስለኝም።»

ሴላ አላለቀሰችም። ነጻ እንደወጣች፣ ወደ ልጆቿ መሄድ እንደምትችል ሲነገራትም አልተነሣችም። «እዘፍን ነበር» ብቻ አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ።

ፒርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ ተናገረ። መድኃኒቱ ከዛሬ ጀምሮ መቆም አለበት አለ፤ ማስረጃ ጠፋ የሚባልበት ጊዜ አልፏል፣ አራት ሰዓት ያህል ያለ አንድ ሕዋስ የቆየ ቁስል ናቫ ዘንድ በመስተዋት ላይ ተቀምጧል። ሄፈርናን ሊሉት ያሰቡትን ሁሉ በገዛ ጭንቅላታቸው ብለውታል። ሮዊና ሰማችው፤ ፊቷ ላይ አንዳች አልተለወጠም። የሰውዬው ዝምታ ምንም እንዳልገዛላት አሁን ነው የገባት።

«ቢቆም የብሪዲ ሳንባ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» አለች ግሌኒስ፣ በዝቅታ።

«እስከ ጸደይ» አለች ሮዊና። «ባይቆም ደግሞ…»

ወደ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በሆስፒታሉ በር ላይ ነው የሚያልፈው። ግሌኒስ መኪናውን አቆመች። እንዲህ ማድረግ እንደማይፈቀድ ታውቃለች፤ አምስት ወር የቀረው ሰው ምን ያደርጉታል ብላ ካቴናውን ፈታችላት። ዐሥር ደቂቃ አለቻት፤ በሩ ላይ ሆኜ ነው የምጠብቅሽ አለቻት።

ነርሷ ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። ብሪዲ ከንጋት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል፤ ሠላሳ ዘጠኝ አልፏል፤ ከየት እንደመጣ አልታወቀም፤ ሐኪም ተጠርቷል።

ሮዊና እየሮጠች አልገባችም። ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና የብርድ ልብሱን ጠርዝ አነሣች። ግሌኒስ ከበሩ ላይ ሆና ተረከዙን በጣቷ ስትዳብስ አየቻት። በሕይወቷ ይህቺን ልጅ ከሕመም ስትሸሽግ የኖረች ሴት አሁን ተረከዙ ላይ ትንሽ ቅላት፣ ትንሽ እብጠት፣ ጠብታ መግል ትፈልጋለች። አንድም ሕዋስ ይሁን፣ ሸትቶት የመጣ።

ስንጥቁ ነጭ ነው። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ዐሥር ቀኑ።

ብሪዲ በትኩሳት የቀሉ ጉንጮቿን ከትራሱ አዙራ እናቷን አየችና ፈገግ አለች።

«እማዬ፣ አየሽው?» አለች። «አሁንም ምንም አያመኝም።»